ውሃው ያልፈረመበት ሪፖርት

«ይህ ሪፖርት በጥሩ ቋንቋ ተጽፏል። ውሃው ግን አልፈረመበትም።»

ቃል በቃል ነው ያነበብኩላችሁ። አንድም አልጨመርኩ፣ አንድም አልቀነስኩ። ወረቀቱ ይኸው፤ ቀይ እርሳሱ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። የጻፈው ሰው እዚያ ጋ፣ ከባለቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ኬኩን በሹካ እየነካካ አላየሁም አልሰማሁም ይላል። የጻፈው በእኔ ሪፖርት ላይ ነው፤ ሽፋኑ ላይ፣ ከስሜ በታች። ሃያ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነው። በዚያው ሳምንት «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይብራራልኝ» ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ግልባጭ ለሥራ አስኪያጁ፣ ግልባጭ ለሰው ኃይል። እስከ ዛሬ መልስ የለም። ስለዚህ «የሽኝቱን ንግግር አንተ አድርግ» ስባል እሺ ያልኩት በፍቅር ብቻ አይደለም። ያልተዘጋ ፋይል አለኝ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳልዘጋው አልወጣም።

በቅድሚያ ግን ይህን ከኋላዬ የተሰቀለውን ባነር ላርም። «ለሃያ ሁለት ዓመታት ላገለገሉን» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከአንድ ቀን ነው። ሳቁ፤ ያቺ አንድ ቀን ግን የምትቆጠርበት ምክንያት አላት።

የቅጥር ደብዳቤው «ከማክሰኞ ጀምሮ» ይል ነበር። ሰውየው ሰኞ መጣ። ከጭነት መኪና ላይ ወረደ፤ ከጫማው እስከ ቅንድቡ አቧራ፣ ትከሻው ላይ ያ ሁላችሁም የምታውቁት የመለኪያ ገመድ፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ የሚለው። ማንንም ሳይጠይቅ ከሕንፃው ጀርባ ዞሮ የግቢያችንን ጉድጓድ ክዳን አነሳና ገመዱን ወደ ውስጥ ሰደደው። የዚያን ጊዜው ጥበቃ ደረሰበት።

«ሰውዬ! ምን እየሠራህ ነው?»

«ውሃውን እያየሁ።»

«የማንን ውሃ?»

«የእናንተን። ማነው የሚለካው?»

«ማንም አይለካውም።»

«ታዲያ እንዴት አመናችሁት?»

ጥበቃው ለዚህ መልስ ሲፈልግ እሱ ማብሪያ ማጥፊያውን አግኝቶ ፓምፑን ድርግም አደረገው። ሕንፃው በሙሉ ውሃ አጣ። ያኔ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እስከ ክርናቸው ሳሙና እንደተቀቡ ወጡ። እኔም ከኋላቸው ነበርኩ።

«ውሃውን ማነው ያጠፋው?»

ይኼኔ ሰውየው ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ ሳያነሳ፣ ለሥራ አስኪያጅ፣ ይቆዩ እንኳ ሳይሆን፣ «ቆይ!» አላቸው።

እሳቸውም ቆዩ። ሳሙናው ክንዳቸው ላይ እስኪደርቅ ቆዩ። በመጨረሻ ገመዱን ጠቀለለና «ጉድጓዳችሁ ደህና ነው። ፓምፑ ነው የሚጮኸው» አለ።

«አንተ ማነህ?»

«ነገ የምጀምረው ነኝ።»

«ነገ ከሆነ፣ ነገ አትመጣም ነበር?»

«ነገማ ሥራ ላይ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጋሽ ቆይ ሆነ። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው የደሞዝ ክፍል ብቻ ነው።

ለቤተሰቡና ከሌላ ክፍል ለመጣችሁ እንግዶች ሥራችንን በአጭሩ ላስረዳ፤ አለዚያ ንዴቴ አይገባችሁም። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ሲገኝ ሰው ይጨፍራል። የእኛ ሥራ ጭፈራውን ማቋረጥ ነው። ውሃ መኖሩ ሌላ፣ ምን ያህል ቢሳብ እንደማይነጥፍ ማወቅ ሌላ። ላሚቱ ዛሬ አንድ ባልዲ ሰጠች ተብሎ በየቀኑ ባልዲ ተይዞ አይኬድባትም። ስለዚህ ፓምፕ እናስገባለን፤ መጠኑን ሳንቀያይር ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እንስባለን፤ ውሃው ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ በየጊዜው እንለካለን። ከታች ያለው አሸዋና ጠጠር ምን ያህል ውሃ እንደያዘ፣ ምን ያህልስ በቀላሉ እንደሚያሳልፍ የሚነግረን ያ አወራረድ ነው። ከዚያ ፓምፑ ይቆማል። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ አለቀ ብሎ ዕቃውን ይሸክፋል። ለጋሽ ቆይ ግን ሥራው ገና መጋመሱ ነው። ውሃው ወደ ነበረበት ሲመለስም ይለካል። በየደቂቃው፣ ከዚያ በየአሥር ደቂቃው፣ ከዚያ በየሰዓቱ፤ የሳበውን ያህል ጊዜ ይጠብቀዋል። «ሲስቡትማ ሁሉም ይሰጣል» ይላል፤ «ጠባዩ የሚታወቀው ሲለቁት ነው።»

ሾፌራችን እዚህ አለ፤ ከዋሸሁ ያርመኝ። አንድ ጊዜ ፓምፑ እንደቆመ መኪናውን አስነስቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ውሃው እንደሆነ ቤቱ ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል፣ ብቻውን ይመለሳል። እኛም ቤት አለን!»

«ቆይ።»

«ልጄ እኮ ዛሬ ልደቷ ነው።»

«ስንተኛ?»

«ስድስተኛ።»

«ለሰባተኛው ትደርሳለህ። ቆይ።»

ለእውነት ያህል ግን ቀጥሎ ያደረገውንም ልንገራችሁ። አሥር ደቂቃ አሰበና «በል ሂድ፤ ነገ ና» ብሎ መኪናውን ሰደደው። እሱ ያቺን ሌላ ሰው እንዲቀመጥባት የማይፈቅድላትን ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ የሻይ ፔርሙዙን በእግሩ መሃል አድርጎ ብቻውን ቀረ። በማግስቱ ስንደርስ በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው አቀማመጥ አገኘነው። «ደርሰሃል ለልደቱ?» ነበር ያለው፤ እንደምን አደራችሁ እንኳ አላለንም።

ቤቱም ቢሆን አልተረፈም። ባለቤቱ፣ እትዬ፣ ስልክ ላይ የነገሩኝን ልናገር? ፈቀዱልኝ። «ሻወር ገብቼ ስወጣ ሰዓት ይዞ ከበሩ ላይ አገኘዋለሁ። ምነው ስለው፣ ታንከሩን አራቆትሽው፣ አሁን ሲሞላ ልየው ይለኛል።» ሴት ልጃቸውም አለች፤ ባሏም አጠገቧ ነው። ይህ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሲመጣ እትዬ «እንዴት አየኸው፣ ደህና ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ቆይ ምን አለ? «ቆዪ። አሁንማ እየሳብነው ነው፤ ሁሉንም እሺ ይላል። ሲለቁት እናያለን።» ሦስት ዓመት ለካው! በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ረጅሙ ያ ነው። ውጤቱም ጥሩ ነበር መሰለኝ፤ የልጅ ልጁ ይኸው ከጠረጴዛው ሥር ሆና የጫማዬን ክር እየፈታች ነው።

ይህን ሁሉ የምተርከው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ረቂቅ ማስታወሻ ደረሰኝ፦ «ፓምፑ ከቆመ በኋላ የሚደረገው ልኬት ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ።» ሥራ አስኪያጃችን እዚህ ተቀምጠዋል፤ ኬካቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ ነው ይህን ያነሳሁት። ወረቀቱን ይዤ ፎቅ ወጣሁ። እኔ ስናደድ አንቱታ ያበዛል አንደበቴ፤ ያን ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አንቱታ ነበርኩ።

«እርስዎ ይህን ሲጽፉ ማንን አማከሩ?»

«እናንተስ ሁለት ቀን ሜዳ ላይ የምትቀመጡት በየትኛው መመሪያ ነው?» አሉኝ።

«በጋሽ ቆይ።»

«ጋሽ ቆይ መመሪያ አይደለም፣ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ጡረታ ይወጣል። በጽሑፍ ያለ ነገር አምጣልኝ።»

በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው መልስ ያጣሁት፤ ይህ ሁለተኛው ነው። እውነታቸውን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃው ሲመለስ የጠበቅነው አንድ ሰው «ቆይ» ስላለ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ቆይ የሚል የለም።

መልስ ያጣሁበት የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ከዚህች ቀይ ጽሑፍ ጋር ይያያዛል። አሁን እሱን ልንገራችሁ። ጋሼ፣ ኬኩን ተወውና ስማኝ።

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ፣ ከሰማይ በታች የማላውቀው ነገር የለም ብዬ የማምንበት ዕድሜ። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ጉድጓድ ተቆፈረ። ጋሽ ቆይ ሌላ ቦታ ስለነበር ሙከራውን እኔው ራሴ መራሁት። አርባ ስምንት ሰዓት ሳብኩ። በመጀመሪያ ውሃው ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ከአሥራ አራተኛው ሰዓት ጀምሮ ንቅንቅ አልልም አለ። አሥራ ዘጠኝ ሜትር ከአርባ። ሃያኛው ሰዓት፣ አሥራ ዘጠኝ ከአርባ። ሠላሳኛው፣ አሥራ ዘጠኝ ከአርባ። የማይነጥፍ ጉድጓድ አገኘሁ ብዬ በደስታ ሰከርኩ። ፓምፑ እንደቆመም ዕቃዬን ሸክፌ ተመለስኩ። ሠላሳ አራት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፤ አባሪውን ሳይጨምር። «በሰከንድ አሥራ አንድ ሊትር ያለ ስጋት ሊሳብ ይችላል።» «ያለ ስጋት» የሚለውን ከሥሩ አሰመርኩበት።

ከዚያ ነው ሪፖርቱ በጋሽ ቆይ ጠረጴዛ በኩል አልፎ ከነቀይ እርሳሱ የተመለሰልኝ። ደብዳቤዬን ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤዬን ይዞ ቢሮዬ ገባ። መልሱን ሊሰጠኝ ነው ብዬ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«ቦት ጫማ አለህ?» አለኝ።

«እኔ የጠየቅኩዎት በጽሑፍ መልስ ነው!»

«እሺ። ቦት ጫማ አለህ?»

ሦስት ሰዓት በመኪና ሄድን። በጋ ነበር፤ ሜዳው እንዳለ ደርቆ ገለባ መስሏል። ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ቦይ ዳር ብቻ አንድ ቀጭን የአረንጓዴ ሣር መስመር በቅሎ ጠበቀን። ከሙከራው በፊት አልነበረም።

«የሳብከው ውሃ የት ሄደ?»

«ፈሰሰ።»

«በምን በኩል?»

«በቦዩ፤ ወደ ወንዙ።»

«እስቲ የረጠበበትን ጫፍ ሂድና አሳየኝ።»

ሄድኩ። አርባ ሦስት እርምጃ ቆጠርኩ፤ ሣሩ አለቀ። ከዚያ በታች የቦዩ ጠጠር ውሃ አይቶ አያውቅም። ዞር አልኩ። ጋሽ ቆይ ጉድጓዱ ላይ ቆሞ ያየኛል። ውሃዬ ወንዙ ጋ አልደረሰም። እዚያው ጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ፣ ከሥር ዞሮ፣ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ለዚያ ነው ያልወረደው። ለሁለት ቀን ያንኑ ውሃ እያወጣሁ፣ ያንኑ እያስገባሁ፣ ያንኑ ስለካ ነበር። እንግዳን በጓሮ በር እያስወጣ በፊት ለፊት በር መልሶ የሚቀበል፣ ከዚያም ቤቴ ሰው ሞላው ብሎ የሚፎክር ሰው አይታችኋል? እኔ ነበርኩ።

ሙከራውን ደገምነው። ይህን ጊዜ ቧንቧ በቧንቧ ላይ ቀጥለን ውሃውን ከአንድ ጉብታ ባሻገር ደፋነው። ደረጃው መቆም የለ፣ መረጋጋት የለ፤ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስ ወረደ። ፓምፑ ቆመ። እኔ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ገመዱን ልጠቀልል እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ።»

ሁለት ቀን ቆየን። ውሃው ተመለሰ፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ድሮ ከነበረበት ሰማንያ ሴንቲሜትር ሲቀረው ቆመ። ጋሽ ቆይ ንባቡን ሦስት ጊዜ ደገመው። «አየኸው? የሰጠህ ካጠራቀመው ጎተራ ነው። ጎተራው ደግሞ ትንሽ ነው።» በሰከንድ አራት ሊትር ብለን ጻፍን።

ያ ሆስፒታል ዛሬም በሰከንድ አራት ሊትር ይስባል። ሃያ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀን አልነጠፈበትም። በእኔ አሥራ አንድ ሊትር ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን በጋ አይሻገርም ነበር። አንዲት አዋላጅ እጇን ልትታጠብ ቧንቧ ትከፍታለች፣ ቧንቧው ያስላል፣ አየር ይተፋል። ይህች ሴት ስሟንም መልኳንም አላውቅም፤ ግን ሪፖርት በፈረምኩ ቁጥር ከፊቴ ትቆማለች።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ያልሰማው። በሁለተኛው ሙከራ ቅጽ ላይ «የተደገመበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። የሚሞላው ጋሽ ቆይ ነው። ቅጹን አንስቼ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት ስም እንደማይኖረኝ እርግጠኛ ሆኜ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በቧንቧ እጥረት ምክንያት።»

በቧንቧ እጥረት! መጋዘኑ ውስጥ አርባ ቧንቧ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ አምስት ቀጥዬ ሰለቸኝ። ቧንቧ አላጠረም፤ ያጠርኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ያውቃል፤ ለማንም አልተናገረም። ለእኔም ቢሆን «ያን ቀን ታስታውሳለህ?» ብሎኝ አያውቅም። ተጣልተን እናውቃለን፤ ስብሰባ ላይ ጮኼበት አውቃለሁ። አንዲት ቃል ቢወረውር ዝም እንደሚያሰኘኝ እያወቀ አልወረወራትም። እኔ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር ያቺን ቀይ ጽሑፍ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ተቀይሜያለሁ ስል ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር በየጊዜው የማነባት ለቂም አልነበረም። ሪፖርት ከመፈረሜ በፊት ነው የማነባት።

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ዘግይቷል፤ ግን ውሃም ሲመለስ ጊዜ ይወስዳል ያልከኝ አንተ ነህ። ተው እንግዲህ አታልቅስ፤ እኔም አላለቅስም፣ ንግግሩ ገና አላለቀም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ብርጭቋችሁ ውስጥ ያለው የግቢያችን ጉድጓድ ውሃ ነው፤ ያ ከሥራው አንድ ቀን በፊት መጥቶ የለካው። ዛሬ ጠዋት ራሴ ለካሁት፤ ደህና ነው። ለጋሽ ቆይ ጤና፤ ለእትዬ ሰዓት የማይያዝበት ሻወር፤ ለልጅ ልጁ በልደቷ ቀን የማይቀር አያት ይሁን! ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጃችን ቅድም «እረፍት» ሲሉህ ፊትህን አይቼዋለሁ። አይክፋህ። ፓምፑ ነው የቆመው። ልኬቱ ግማሽ ላይ ነው። እድሜህን ያርዝመው፣ ቀሪውን በደስታ ቁጠረው!

ቆይ! አትጠጡ ገና። ብርጭቋችሁን እንደያዛችሁ ቆዩ።

ይህ በእጄ ያለው አርባ ስድስት ገጽ ነው። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የጋሽ ቆይን ሠላሳ አንድ የመስክ ደብተሮች አንብቤ የጻፍኩት ረቂቅ ነው፤ ሙከራ እንዴት እንደሚደረግ፣ የተሳበው ውሃ የት ድረስ መወሰድ እንዳለበት፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላ ለምንና ለስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ። የተበላሸው ሙከራም በምዕራፍ ሦስት አለ፤ ከነስሜ። ሥራ አስኪያጃችን በሁላችሁ ፊት ያረጋግጡልኝ፦ ሰኔ 16 በሚደረገው ስብሰባ ይህ ጽሑፍ ተስተካክሎ ከቀረበ ያ የአንድ ሰዓት ማስታወሻ ይሰረዛል። ራሳቸውን ነቀነቁ። አያችሁ? ምስክር ናችሁ። ካልቀረበ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሚቆፈር ጉድጓድ ሁሉ ግማሹ ብቻ ይለካል፤ ያቺ አዋላጅም የትም ልትሆን ትችላለች።

እኔ ብቻዬን ልፈርምበት አልችልም። ቋንቋው ጥሩ ነው፤ ጥሩ ቋንቋ ደግሞ ምን ሊሠራ እንደሚችል አይተናል።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ጋሽ ቆይ፣ አሁን አንቱ እያልኩ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ረቂቁ ይኸው። ቀይ እርሳሱም ይኸው፤ ተቀርጿል። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል፤ እሱን ዛሬ በሁሉም ፊት ትቼልዎታለሁ። ይህ ግን አይተውም። እያንዳንዱን ገጽ አንብበው፣ ውሃው ይፈርምበት አይፈርምበት እንደሆነ፣ በጽሑፍ፣ እስከ ሰኔ 15 ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ እንዲያደርሱልኝ እጠይቃለሁ። በቃል አልቀበልም። «ቦት ጫማ አለህ?» የሚል መልስም አልቀበልም፤ አለኝ፣ መኪና ውስጥ ነው።

አሁን ጠጡ።